ኳሶቹን የለቀመው እጅ

ሽማግሌው የቅርጫት ኳስ ክለብ ባለቤት ከመጫወቻ አዳራሹ ቅርጫት ሥር በጀርባው ተዘርግቶ የተገኘው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ግንባሩ ተተርትሯል። ደሙ በሚያብለጨልጨው የእንጨት ወለል ላይ ፈስሶ የቅጣት መወርወሪያውን መስመር አልፏል። ትንፋሹ ግን አለች፤ ቀጭን፣ እንደ ክር።

ደርሼ ሳየው ወደ ኋላ አፈገፈግኩ። አትሳቁ! በሃያ ስድስት ዓመት የምርመራ ሥራዬ ስንቱን ጉድ ያየሁ ሰው ነኝ። በአንድ ሳምንት አራት ነፍሰ ገዳይ ይዣለሁ፤ አንዱን በማስነጠሱ ብቻ ነው የለየሁት። የፖሊስ ውሾች አፍንጫዬን አይተው በቅናት ያለቃቅሳሉ። የሞተ ሰው አያስፈራኝም፤ የሞተ ሰው ጉዳዩን ጨርሷል። የሚያስፈራኝ ገና ያልሞተው ነው። የጀመረው ሰው ሊጨርሰው ይመለሳላ!

ያገኙት ተጫዋቾቹ ናቸው። ማክሰኞ ማክሰኞ አሰልጣኙ ጎህ ሳይቀድ አሥራ ሁለቱንም ከከተማው ጀርባ ያለውን ዳገት የየራሳቸውን ኳስ እያነጠሩ ያስወጣቸዋል። ከዚያ ሲመለሱ በሩን ከፈቱ። እያንዳንዳቸው ሁለት ሜትር የሚሞሉ ጎረምሶች ከግድግዳው ሥር እንደ ጫጩት ተጠጋግተው ይንቀጠቀጡ ነበር።

«ኢንስፔክተር፣ የላይኛው ቢሮ ተሰብሯል» አለችኝ ሳጅኗ። ስድስት ዓመት አብራኝ ሠርታለች። ያስተማርኳትን ሁሉ ከእኔ በተሻለ ታውቃለች፤ ይህን ግን እንዳትነግሯት።

ሦስት መቶውን ደረጃ በሁለት ትንፋሽ ወጣሁት።

«አርባ ሁለት ነው» አለች ከኋላዬ።

የመስኮቱ መስታወት ረግፏል። መሳቢያዎቹ ተገልብጠዋል። ክለቡ መጀመሪያ የበላው ዋንጫ ከመደርደሪያው የለም። የአዳራሹ ጥበቃ «ሌባ ነው፣ ሌባ!» እያለ ይምላል፤ ሌሊቱን ሙሉ እንደተኛ ከዓይኑ ሥር ያለው የትራስ እጥፋት ይመሰክርበታል።

ወደ መስኮቱ ጠጋ አልኩ። ስብርባሪው ያለው ውጭ፣ ታች ግቢው ላይ ነው።

«ሳጅን፣ ሌባ ከውስጥ ሰብሮ ወደ ውጭ ይገባል እንዴ?»

«ዋንጫውንም አግኝተነዋል» አለችኝ። «ከአዳራሹ ጀርባ የቆሻሻ በርሜል ውስጥ።»

ሌባ የለም ማለት ነው። በቁልፍ የገባ ሰው አለ። የአዳራሹ ቁልፍ ደግሞ ያለው በአራት ሰው እጅ ብቻ ነው፦ በሽማግሌው፣ ሥራ አስኪያጅ በሆነችው ሴት ልጁ፣ በታናሽ ወንድሟና በአሰልጣኙ። ሌባ ቢሆን ሮጦ ይርቃል። ከቤት የሆነ ሰው ግን የትም አይሄድም፤ እዚያው አጠገብህ ቆሞ ከሌሎቹ ጋር ያለቅሳል።

አሰልጣኙን አስጠራሁት። የመብራት ምሰሶ የሚያህል፣ ጸጉሩ የሸበተ፣ ድምፁ የማይሰማ ሰው ነው።

«ስንት ጊዜህ ነው እዚህ?»

«አሥራ አራት ዓመት።»

«በአንድ ክለብ? በቅርጫት ኳስ?» አልኩት። «አሰልጣኝ እኮ እንደ ካልሲ ነው የሚቀየረው!»

«ሌላ ቦታ» አለ። «ጋሼ ዘንድ አይደለም። ክለቡን ሲያቋቁም ሰባት ዓመት ሙሉ መጨረሻ ነበር የሚወጡት። ከተማው ሳቀበት። አሰልጣኙን አላባረረም። በሠላሳ አንድ ዓመት አራት አሰልጣኝ ብቻ ነው ያየው፤ ዘጠኝ ዋንጫ በላን። እኔን ሲቀጥረኝ ያለኝ አንድ ነገር ነው፤ ‹በተሸነፍን ማግስት እኔ ቢሮ አትምጣ፤ እኔም አንተ ዘንድ አልመጣም። ሁለታችንም የዚያን ቀን ደደብ ነን።›»

ይህን እያለኝ እንባው ይወርዳል። አጠገባችን የነበረ ተጫዋች ዓይኑን ሊጠርግ የያዘውን ኳስ መሬት አስቀመጠ። አሰልጣኙ ንግግሩን ሳያቋርጥ፣ ዓይኑንም ከእኔ ሳይነቅል፣ ጎንበስ ብሎ አነሳውና ብብቱ ሥር ያዘው።

«ምን እያደረግክ ነው?»

ኳሱን እንደ እንግዳ ነገር አየው። «ኧ? ልማድ ነው። እዚህ ቤት ኳስ መሬት ላይ አይተኛም። አዲስ ተጫዋች መጀመሪያ የሚማረው መወርወር ሳይሆን መልቀም ነው። ጋሼ ራሱ በዚህ ዕድሜው ጎንበስ ብሎ ይለቅማል፤ እሱ እየለቀመ ማን ቆሞ ያያል?»

እኔ እንኳ ሰምቼ እንዳልሰማ አለፍኩት። ጠዋት አብሯቸው ዳገቱ ላይ እንደነበረ የአሥራ ሁለት ሰው ምስክር ያለውን ሰው ምን ብዬ ልያዝ? ይልቅ ሌላ ነገር ጠየቅሁት።

«ጠላት አለው?»

አሰልጣኙ ዙሪያውን ተገላመጠ። ተጫዋቾቹ ወጥተዋል፣ አዳራሹ ባዶ ነው፤ የእኛው ሹክሹክታ ከጣሪያው ተመልሶ ይመጣብናል። «ኢንስፔክተር» አለኝ፣ «ማን እንደሆነ አላውቅም። ግን ከዛሬ ጀምሮ ልጆቼን ብቻቸውን እዚህ አላስገባም። ፈርቻለሁ።»

እኔም ፈርቼ ነበር፤ ግን ማዕረጌ አልፈቀደልኝም።

ሆስፒታል ስደርስ ሴት ልጁ ከጽኑ ሕሙማን ክፍል በር ላይ ቆማለች። የሠላሳ ስምንት ዓመት ሴት፤ ጸጉሯን ወደ ኋላ ጥፍር አድርጋ ይዛለች፤ ዓይኗ አብጧል። አባቷ ከታመመ ወዲህ ሦስት ዓመት ክለቡን የምትመራው እሷ ናት። ተጫዋቾቹ «እትዬ» ይሏታል፤ ድምፅዋን ሲሰሙ የጫማ ማሠሪያቸውን ያጠብቃሉ።

«አይዞሽ እህቴ» አልኳት። «ጉዳዩ እኔ እጅ ገብቷል። እኔ እጅ የገባ ጉዳይ በቃ እንደተዘጋ ቁጠሪው።»

«ኢንስፔክተር፣ ይተርፋል ይላሉ? ይነቃል?»

«ዶክተሩ የሚነቃበትን ሰዓት መናገር አልችልም ይላል። ዛሬ ጠዋት የት ነበርሽ?»

«ቤቴ። ተኝቼ ነበር፤ ስልክ ነው የቀሰቀሰኝ።» እንባዋን ዋጠችው። «የእኔን ይተዉትና ወንድሜን ይጠይቁት። ክለቡን ካልሸጥን ብሎ አባባን ስድስት ወር አሳብዶታል። ገዢ ሁሉ አግኝቷል። እኔ በሕይወት እያለሁማ አይሸጥም!»

መልሷን ማጣራት ነበረብኝ። አላጣራሁም። ያለቀሰች ሴት ልጅ ፊት ለፊት ቆሜ የወንድሟ ስም ሲመጣልኝ፣ አፍንጫዬ ታናሽየውን አሸተተ።

ታናሽየውን ከሰዓት በኋላ ቢሮዬ አስቀመጥኩት። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ሸሚዙ የተጨማደደ፣ ግንባሩ ላይ የእንቁላል አስኳል የሚያህል እብጠት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«በር መታኝ።»

«የምን በር?»

«የሚመታ በር!»

«ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል የት ነበርክ?»

«የትም።»

«የትም የሚባል ሰፈር አላውቅም።»

ላቡ ከአገጩ ይንጠባጠባል። «ኢንስፔክተር፣ እኔ ክለቡ ይሸጥ ያልኩት አባባ ስለደከመው ነው። እሱ ሲሞት ከእህቴ ጋር ልንበላላ ነው ብዬ ነው። እሷ በአምስት ሽንፈት አሰልጣኙን ልታባርር ደብዳቤ ጽፋ ነበር፤ አባባ ነው የቀደደው። አባባ የገነባውን በሁለት ዓመት ታፈርሰዋለች። ከሚፈርስ ይሸጥ አልኩ። ይሄ ወንጀል ነው?»

«አባትህን መግደል ወንጀል ነው።»

አንገቱን ደፋ። ከዚያ በኋላ ሁለት ሰዓት ሙሉ ብለፋም ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነብኝ። ማስረጃ ስላልነበረኝ ለቀቅሁት።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ገዢው ዘንድ ሄድኩ። ቢሮው ከደመና በላይ ነው (ሳጅኗ ዘጠነኛ ፎቅ ትላለች)። ግድግዳው በሙሉ መስታወት ሆኖ ራስ ያዞራል። ሰውየው ከተቀመጠበት አልተነሳም፤ ጥፍሩን እየሞረደ ነበር። እንዲህ ዓይነት የተረጋጋ ሰው አልወድም። ንጹሕ ሰው እንኳ ፖሊስ ሲያይ ትንሽ ይቁነጠነጣል።

«ክለብ ለምን ትገዛለህ?» አልኩት።

«ለማሸነፍ። ዘንድሮ። የዛሬ አሥር ዓመት ማሸነፍ የልጅ ልጆቼ ጉዳይ ነው።»

«ከዚህ በፊት ገዝተሃል?»

«ሦስት። ኮከብ አምጥቼ፣ አሰልጣኝ ቀይሬ፣ በመጀመሪያው ዓመት ዋንጫ አነሳሁባቸው።»

«አሁን የት ናቸው?»

«ሁለቱ ፈርሰዋል።» ሞረዱን አስቀመጠ። «ሦስተኛው ይንፈራገጣል።»

«ሽማግሌው እምቢ ስላለህ ተናደድክ።»

ሳቀ። ሳቁ ዓይኑ ጋ አልደረሰም። «ሰኞ ደውሎ ነግሮኛል። ክለቡን ለሚሠሩበት ሰጥቼዋለሁ፣ ፈርሜያለሁ አለኝ። አንድ ድርሻ ለአሰልጣኙ፣ አንድ ለተጫዋቾቹ፣ አንድ ለደጋፊዎቹ ማኅበር። ለልጆቹ ምንም። አብዷል ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ከተፈረመ በኋላ እሱን መምታት ምን ይጠቅመኛል?»

«ልጆቹ ያውቃሉ?»

«ያን ጊዜ አያውቁም ነበር። በማግስቱ እነግራቸዋለሁ ብሎኛል።»

ውሸት ነው ብዬ ወጣሁ። ሰው ሠላሳ አንድ ዓመት የደከመበትን ነገር አሰልጣኝና ደጋፊ ላይ ይበትናል? እኔ የብስክሌቴን ፓምፕ እንኳ አላውስም።

አሳንሰሩ ውስጥ እያለን የሳጅኗ ስልክ ጮኸ። ሰማች፤ ፊቷ ተለወጠ።

«ሆስፒታሉ ነው። ሽማግሌውን ሊገድሉት ሞክረዋል።»

የማሽኑ ደወል ጮሆ ነርሷ ሮጣ ስትገባ፣ የኦክስጅኑ ቱቦ በቦታው ነበር፤ ጉንጩ ላይ የያዘው ፕላስተር ግን ተገንጥሏል። ሴት ልጁ አልጋው ላይ ተደፍታ ትንቀጠቀጣለች።

«ለአፍታ ወጣ ብዬ ስመለስ ቱቦው ተነቅሏል!» አለችኝ፤ ጥርሷ ይንገጫገጫል። «መልሼ ሰካሁት። ኮሪደሩ ላይ ወንድሜን አየሁት፣ በጀርባው…»

ነርሷም ታናሽየው መምጣቱን መሰከረች። ካልገባሁ እያለ ሲጮህ ነበር። በቃ! በአንድ ሰዓት ውስጥ ካቴና አጠለቅሁለት። ለጋዜጠኞቹ ደረቴን ነፍቼ መግለጫ ሰጠሁ። ከዚያ የዘመኑን ትልቁን የጥበቃ ዕቅድ ዘረጋሁ፦ በሩ ላይ አንድ ፖሊስ ይቆማል፤ ማሽን እንዳይረብሽ ስልኩን ያጠፋል፤ ከሐኪምና ከነርስ በቀር ማንም አይገባም።

«እሷስ?» አለች ሳጅኗ ወደ ሴት ልጁ እያየች።

«እሷማ ካጠገቡ እንዳትለይ! ሕይወቱን ያተረፈች ልጅ አይደለች? ከአሥር ፖሊስ ትበልጣለች።»

ሴትየዋ እጄን ይዛ አመሰገነችኝ። እጇ በረዶ ነበር።

የሚያሳፍረው ነገር በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ መጣ። ታናሽየውን ከእስር ክፍሉ ወደ ቢሮዬ ሲያመጡት ደረጃው ላይ የትራፊክ ክፍሉ ሃምሳ አለቃ አገኘው።

«አንተ ምሰሶ ገጪ!» አለው። «ደሞ ምን ገጨህ?»

«ታውቀዋለህ?» አልኩት።

«እንዴት አላውቀው! ማክሰኞ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ነው ምሰሶ ላይ የወጣው። እስከ ሦስት ሰዓት እኔ ጋ ተቀምጦ ነበር፤ ከናንተ በታች ሁለተኛው ፎቅ። ጎበዝ፣ ግንባርህ ዳነ?»

ታናሽየው ፊቱን ሸፈነ። መንጃ ፈቃዱ ስለታገደ የሌላ ሰው ስም ሰጥቶ ኖሯል። ያንን ከሚያወጣ አባቱን የመግደል ሙከራ ክስ ተሸክሞ ዝም አለ። ቂል ነው፤ ገዳይ ግን አይደለም። ሦስት ቀን ሙሉ ላም ባልዋለበት ኩበት ስለቅም ነበር፤ ምስክሩ ደግሞ እግሬ ሥር ተቀምጦ ሻይ ይጠጣ ነበር።

«አባትህ ዘንድ ለምን ሄድክ?»

«ላየው!» አለ እያለቀሰ። «አላስገቡኝም እኮ፤ ከኮሪደሩ ነው የመለሱኝ።»

ሳጅኗና እኔ ተያየን። ፈራሁ። ግን ገና አልገባኝም ነበር፤ ፍርሃት ከአእምሮዬ ይቀድማል።

የዶክተሩ ወረቀት የደረሰው ያኔ ነው። ቁስሉ ረጅምና ቀጥ ያለ ነው፣ የብረት ጠርዝ ነው፣ ውስጡ ግራጫ ቀለም ተገኝቷል ይላል።

«አዳራሹ ውስጥ ግራጫ ብረት ምን አለ?» አልኩ።

«የኳስ መደርደሪያው» አለች ሳጅኗ።

አዳራሹን ከፍተን ገባን። ከማክሰኞ ጀምሮ ታሽጓል። የደሙ ምልክት ጠቁሮ ደርቋል። መደርደሪያው ከእሱ ሦስት እርምጃ ርቆ፣ ባለ ጎማ፣ ከእኔ የሚረዝም፣ አራት መደዳ ያለው ብረት ሆኖ ቆሟል። እያንዳንዱ መደዳ አምስት ኳስ ይዟል። ሳጅኗ የላይኛውን ጠርዝ በባትሪ አየችው። ሰው ጠርጎታል፤ ከብየዳው ስንጥቅ ውስጥ ግን ደም ቀርቷል።

«ወድቆበታል» አለች። «ሰው ገፍቶበታል።»

«ከወደቀ ኳሶቹ የት ሄዱ?»

ሁለታችንም ኳሶቹን አየን። ሃያ ኳስ። ሃያውም በቦታው፣ የተጻፈባቸው ቁጥር ወደ ውጭ ዞሮ።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ስንት የታረደ ሰው አይቻለሁ፣ እንዲህ የሰቀጠጠኝ ነገር ግን የለም። ሽማግሌው ደሙ እየፈሰሰ ያጣጥራል። የመታው ሰው ብረቱን አንስቶ ያቆማል። ከዚያ በዚህ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ከጥግ እስከ ጥግ የተበተኑትን ሃያ ኳሶች አንድ በአንድ ይለቅማል። ይዞርበታል፤ ይሻገረዋል። ሌባ መስሎ ለመጥፋት መስታወት ሰብሯል፣ ዋንጫ ጥሏል፤ ኳስ ግን መሬት ላይ ጥሎ መሄድ አልቻለም።

«የክለቡ ሰው ነው» አልኩ በሹክሹክታ።

አሰልጣኙን አስጠራነው። በሩ ላይ ቆመ፤ ደሙን ላለማየት ወደ መደርደሪያው ዞረ። ከዚያ ፊቱ ተኮሳተረ።

«ማን ነው የነካካው?»

«ማንም። ማክሰኞ እንደነበረ ነው።»

«አይደለም። እኛ አንድ ቁጥርን ከላይ ነው የምናስቀምጠው፤ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ። ይሄ ከታች ነው የጀመረው፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… ሃያ ከላይ ነው።»

«ከታች የሚጀምር ማን ነው?»

«ማንም የለም። ድሮ ነበር፣ እኔ ከመምጣቴ…» ቃሉ አፉ ውስጥ ቀረ። ትልቁ ሰውዬ ግድግዳውን ያዘ።

«ተናገር እንጂ!»

«ጋሼ አጫውቶኛል። ክለቡ ሲጀመር ኳስ የሚለቅም ሰው አልነበራቸውም። የምትለቅመው የሰባት ዓመት ልጁ ነበረች። ላይኛው መደዳ ስለማትደርስ ከታች ትጀምራለች። ለመጨረሻዎቹ አምስት ኳሶች አባቷ ከወገቧ ይዞ ያነሳት ነበር።»

ሳጅኗ ባትሪዋን አጠፋች።

«አሁን የት ነው ያለችው?» አለ አሰልጣኙ።

«ካጠገቡ» አልኩ። «ብቻዋን። በእኔ ትእዛዝ።»

ለጅብ ሥጋ አደራ መስጠት ማለት ይህ ነው። ሳጅኗ በሩ ላይ ላለው ፖሊስ ደወለች፤ ዝግ ነው። ስልክህን አጥፋ ያልኩት እኔ ነኝ! የሆስፒታሉ ስልክ ይጠራል፣ ማንም አያነሳም። መኪናዋን ሳጅኗ ነዳች፤ እኔ ወደ ሆስፒታሉ ደጋግሜ ደወልኩ። አሥራ አንድ ሰዓት ነው፣ ፀሐይዋ ገና ደማቅ ናት፣ ሰው ሁሉ ከሥራ ወጥቶ መንገዱን ሞልቶታል። በእያንዳንዱ ቀይ መብራት ላይ ያቺ በረዶ እጅ ቱቦው ላይ ስታርፍ ይታየኛል። ጸለይኩ። ስለ ጀግንነቴ ለእግዜር ምንም አልነገርኩትም።

ኮሪደሩ ላይ ፖሊሱ ተነስቶ ሰላምታ ሰጠኝ። «ሁሉም ሰላም ነው ጌታዬ፤ ልጅቷ ካጠገቡ ንቅንቅ አላለችም።»

በሩን ከፈትኩ።

ማሽኑ ይጮሃል፤ ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ። ቱቦው በቦታው ነው። እሷ ወንበሯን አልጋው ላይ አስጠግታ የአባቷን እጅ በሁለት እጇ ይዛለች። ዞራ አላየችኝም።

«ቀስ ይበሉ፣ ኢንስፔክተር» አለች። «ያስደነግጡታል።»

«እጁን ልቀቂ፣ እህቴ።»

«ነቅቷል እኮ።» ድምፅዋ የሰው አይመስልም። «ከትናንት ጀምሮ ነቅቷል። እኔ ስላለሁ ነው የማይከፍተው።»

ሽማግሌውን አየሁት። እውነትም የተኛ ሰው ዓይን እንደዚያ አይጨፈንም። እንቅልፍ የወሰደው ለመምሰል እንደሚጥር ሕፃን ጨፍኖ ጨምድዶታል፤ ከጥጉ እንባ ወጥቶ ወደ ጆሮው ይወርዳል። እጇ ውስጥ ያለው እጁ ይርገበገባል። ሁለት ቀን! ነርስ ስትመጣ እሷ አለች፤ ዶክተር ሲመጣ እሷ አለች። ዓይኑን ቢከፍት ማስታወሱን ታውቃለች። እኔ ነኝ በሩን የቆለፍኩበት።

«ቱቦውን አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ የነቀልኩት። የዓይኑ ቆብ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። መልሼ ሰካሁት።» ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ። «ከዚያ ወዲህ እየጠበቅሁ ነው። አንዳችን መናገር ነበረብን፤ ሁለታችንም ፈራን።»

«ለምን መታሽው?»

«ሃያ ዓመት ሠርቻለሁ፤ ትዳርም ልጅም አላልኩም። ማክሰኞ ጠዋት ጠርቶኝ፣ ለአሰልጣኙና ለደጋፊው ሰጠሁት አለኝ። ለእኔስ? አልኩት። ‹አንቺ ትወጂዋለሽ፤ ግን ትቸኩያለሽ። ክለብ የሚገድለው የሚቸኩልለት ባለቤት ነው› አለኝ። ፊቱን አዞረ። እጄ መደርደሪያው ላይ ነበር፤ ገፋሁት፤ ዞር ሲል ግንባሩ ላይ ወደቀበት።»

«ኳሶቹንስ ለምን ለቀምሽ?»

ግራ ተጋብታ አየችኝ። ጥያቄው ያልገባት መሰለኝ።

«መሬት ላይ ነበሩ» አለች።

ሳጅኗ ክንዷን ይዛ አስነሳቻት። እጇን ከአባቷ እጅ ስታወጣ ጣቶቹ ለአፍታ ተከትለዋት ተዘረጉ፤ ሊይዟት ይሆን ወይስ ሊገፏት፣ እኔ እንጃ። በሩ ተዘጋ። ጫማዋ ኮሪደሩ ላይ እስኪጠፋ ሽማግሌው አልተነፈሰም።

«ሄደች?» አለ። ከንፈሩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል።

«ሄደች፣ ጋሼ።»

«እስቲ በደንብ እይልኝ።»

በሩን ከፍቼ አየሁ። ኮሪደሩ ባዶ ነው። ተመልሼ ነገርኩት። ያን ጊዜ ዓይኑን ከፈተ፤ ቀልቷል።

«ልጄ፣ መደርደሪያው ራሱ ነው የወደቀብኝ ብልህ ትጽፍልኛለህ?»

«አልችልም። ነግራናለች።»

«ልጄ ናት እኮ።»

«ቱቦውስ፣ ጋሼ?»

ፊቱን ወደ ባዶው ወንበር መለሰ።

«መልሳ ሰክታዋለች» አለ። ከዚያ በደከመ እጁ እጅጌዬን ጨበጠ። «ግን… አትሂድ። ብቻዬን አትተወኝ።»

አሁን ሰው ሲጠይቀኝ ሽማግሌውን ከሞት አፍ መንጭቄ አወጣሁት እላለሁ፤ እጄን ዘርግቼ በሩን እንዴት እንደበረገድኩትም አሳያለሁ። ያን ዕለት ግን የመነጨቅሁት ነገር አልነበረም። እሷ የተቀመጠችበት ወንበር ገና ሞቃት ነው። ተቀመጥኩበት፤ እጁን ያዝኩ። ከዚያ ሁለታችንም እንድናይ ወንበሩን ወደ በሩ አዞርኩት።